ጥሬ

«ከዛሬ ጀምሮ የሚበላው ጥሬ ሥጋ»
አለችኝ ማዳም፣ ነውር እንደምታወራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
እኔ የእንድብር ልጅ፣ አባቴ ለመስቀል ቢላ ሲስል ያየሁ፣
ሣቄን ከምራቄ ጋር ዋጥሁ።
ላስረዳት አልሞከርኩም፤ ዐረብኛዬ ለወለል፣ ለሳሙና
ይበቃል እንጂ፣ ለክትፎ አልደረሰም ገና።

ፉስቱቅ ይባላል። ሉልዋ ናት ስም ያወጣችለት፤
እሷ ለትምህርት ባሕር ስትሻገር እኔ ቀረሁለት።
ረጅም ነው፣ ቀጭን፣ እንደ ካልሲ የሚጎተት፣
ፊቱ ላይ ጭምብል ያጠለቀ፣ ሌባ የሚመስል ፍጥረት።
እነሱ «ፌሬት» ይሉታል። እኔ ግን ገና ሳየው አወቅሁት፦
ሸለምጥማጥ!
የናቴን ዶሮዎች በአንድ ሌሊት የፈጀ ሽፍታ፣
በእንሰቱ ሥር አድብቶ፣ ውሻችን ያንቀላፋ ለታ።
በዱላ ያባረርነው፣ በስድብ፣ በድንጋይ፣
ይኸው ሙሐረቅ ላይ፣ ቃጭል ባንገቱ፣ ይንጎራደዳል በምንጣፉ ላይ።
ዶሮውንም በግራም መዝኜ የማቀርብለት እኔ!
እማዬ እንዳትሰማ፣ በመድኃኔ።

ግን አልበላም አለ።
ሦስት ዓመት ከከረጢት የሚንሿሿ ጠጠር የለመደ ጥርሱ፣
የዶሮውን ደረት አሸተተ፣ አስነጠሰው፣ ተጠቀለለ በራሱ።
ሁዳዴ ነው። እኔም ሥጋ አልነካም፤ በአፌ ማለቴ፣
በእጄማ ይኸው ደም ነው፣ ሽታው እየዞረ በባዶ አንጀቴ።
«ፉስቱቅ፣ አንተም ጾመኛ ሆንክ? ማን ገዘተህ? የትኛው ቄስ?»
ዓይኖቹ ሁለት ዶቃ። አይመልስ፣ አይላወስ።

ሐኪሙ የኬረላ ሰው ነው፤ ዐረብኛው እንደኔ ስብርባሪ፣
በስልክ ግን ገባኝ፦ «በረሃብ አትግጠሚው፣ ከትንሹ ጀምሪ።
የለመደውን ፈጭተሽ በሥጋው ላይ እንደ በርበሬ ነስንሺ፤
በየቀኑ ግን፣ ሳያውቅብሽ፣ ከዱቄቱ አሳንሺ።»
(«እንደ በርበሬ» አላለም፤ እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት።)
«ሳያውቅብሽ» ያለው ቃል ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ ተሰንቅሮ።
እኔስ? ስሜ ብርዛፍ ነበር፤ «ቢሪ» ሆነ አጥሮ።
መጀመሪያ ስሜን፣ ከዚያ እንቅልፌን፣ ከዚያ እሑዴን፣
በየወሩ ትንሽ ትንሽ። ለመድኩት። ማን ጠየቀው ሆዴን?

በአሥራ አንደኛው ሌሊት ጣቴን ጉበት ነክሬ አቀረብኩለት።
ላሰው። ደግሞ ላሰው። ጉልበቴ እስኪደነዝዝ ቆየሁለት።
ከዚያ የድርጭት አንገት፣ ገና በረዶው ያልለቀቀው፤
በጥፍሩ ገለበጠው፣ አየኝ፣ አሰበበት፣ ነከሰው፦
ቀጭ!
ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ቀርጬ ለሉልዋ ላክሁላት።
«ቢሪ፣ ምንድነው? ያስፈራል» አለች። «እራቱ ነው» አልኳት።

ግን ሸለምጥማጥ ሸለምጥማጥ ነው፤ ሲጠግብ ይሰርቃል፣
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ከአልጋዬ ራስጌ፣ ጎትቶ ይደብቃል።
በሦስተኛው ቀን ሽታ ቀሰቀሰኝ። ማሽኑን ገፋሁ፣
በእጅ ባትሪ አበራሁ፦
ግማሽ ክንፍ፣ የደረቀ ልብ፣
የላስቲክ ጓንቴ አውራ ጣት፣
የሉልዋ የልጅነት ካልሲ፣
ደግሞ፣ በፀጉር ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጥርስ ያረፈበት
ሃያ ዲናር፣
አምና በየካቲት «አንቺ ነሽ» የተባልኩበት፣
ሻንጣዬ ወለል ላይ የተገለበጠበት፣
ከደሞዜ የተቆረጠ።
እሱ ከጉልበቴ ሥር ቆሞ ያየኛል፤ ጢሙ ደም፣ ምንም እንዳላጠፋ።
በድንጋይ ልበለው? ወይስ ልሳመው? እጄ መካከል ላይ ጠፋ።

ብሩን በሳሙና አጠብኩ። ሁለቴ። ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት፤
የተከፈለ ዕዳ ነው፣ ለማንም አልነገርኩት።
«ዛሬስ በላ?» አለች ማዳም ከበሩ ወዲያ።
«በላ» አልኳት።
እኔ ገና ነኝ። ለፋሲካ አሥራ ሁለት ቀን ይቀራል።